ከሰሜን መጣ የተባለው እሳት

ሐሰትን በአፉ የተናገረ ሰው አንድ ጊዜ ይበድላል፤ ሐሰትን በመዝገብ የጻፈ ሰው ግን መዝገቡ በተነበበ ቁጥር ይበድላል። ከዚያም የሚከፋው፣ ሐሰት ያልነበረባቸውን ሰዎች ሳያውቁት የሐሰቱ ተካፋይ ያደርጋቸዋል። ይህ እውነት መሆኑን በደን ሥር ያለች የአንዲት ከተማ ታሪክ ያስረዳል።

ከተማዋ በመቶ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቃጥላለች። የመጀመሪያውን እሳት መብረቅ አስነሣው። በዚያ ዘመን የነበሩት ቤቶች ጣሪያቸው ሁሉ ሣር ስለ ነበር ከዐሥራ አራቱ በቀር የተረፈ አልነበረም፤ ሰዉም ወንዝ ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቶ፣ እርጥብ ጨርቅ በራሱ ላይ ደርቦ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ። ከዚያ ወዲህ የሣር ጣሪያ በሕግ ተከለከለ። ሁለተኛው ከመጋዝ ቤቱ ተነሥቶ ገበያውንና ክሊኒኩን በላ፤ ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ የውኃ ጉድጓድ ተቆፈረ። ሦስተኛው ከአርባ ዓመት በፊት የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ገደለ። ከሦስተኛው በኋላ ግን ከተማዋ የከለከለችው ጣሪያ፣ የቆፈረችውም ጉድጓድ አልነበረም፤ ያደረገችው አንድ ቤተሰብ ማባረር ነው።

ከተማዋ ከሌሎች የምትለይበት አንድ ሥርዓት ነበራት። እሳት ባለፈ በሳምንቱ ከየቤቱ አንድ ሰው እየመጣ ያየውን ይናገራል፤ የደን ጠባቂዎች አለቃ ቃሉን በትልቅ መዝገብ ይጽፋል፤ ተናጋሪውም ከቃሉ ሥር ይፈርማል። የምስክሮቹ ቃል ሲያልቅ አለቃው ሁሉን አጠቃልሎ፣ እሳቱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ይጽፋል። ከዚያም በየዓመቱ፣ ደረቁ ወራት ሊገባ ሲል፣ ሕዝቡ በአዳራሽ ይሰበሰባል። አለቃው ማጠቃለያውን ያነብባል፤ ከእሳቱ የተረፉት በአንድ ድምፅ «እንዲሁ ነበር» ይላሉ፤ አለቃውም በገጹ ጠርዝ «በእውነት ተነበበ» ብሎ ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። የሥርዓቱ ዓላማ መልካም ነበር፤ ልጆች አባቶቻቸውን ያገኘውን አደጋ እንዳይረሱ ነው። ሰው ያየውን ትቶ የተነበበለትን ማስታወስ እንደሚጀምር ግን ሥርዓቱን ያቆሙት ሽማግሎች አላሰቡም።

መዝገቡን የምትጠብቀው በከተማው ጽሕፈት ቤት የምትሠራ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ መጽሐፍ ከእጇ ስለማይለይ ሰው ሁሉ ቀለሜ ይላታል። ወላጆቿ በሕመም ሲሞቱ ያሳደጓት የእናቷ ወንድም ሲሆኑ፣ እርሳቸውም የሦስተኛውን እሳት መዝገብ የጻፉት የደን ጠባቂዎች አለቃ ነበሩ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጥበቃውን ለሌሎች ካስረከቡ ቢቆዩም ስሙና ንባቡ የእርሳቸው ሆኖ ቀርቷል፤ በከተማዋ «አለቃ» ሲባል ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

በዚያ ዓመት መዝገቡን ብል በልቶት ተገኘ። ከንቲባዋ ቀለሜን አስጠርታ የከተማዋን ካርታ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና አንዱን ጫፍ በሻይ ብርጭቆ፣ ሌላውን በስልኳ ያዘችው።

«ሙሉውን በአዲስ መዝገብ ገልብጪልኝ» አለች። «ደግሞ ማጠቃለያውን ለብቻ። የእሳት ማገጃ መስመሩን የምንቆርጠው በእሱ ነው።»

የእሳት ማገጃ መስመር ማለት ዛፉና ሣሩ ተመንጥሮ አፈሩ የተራቆተ ሰፊ የመሬት መቀነት ነው፤ እሳት እዚያ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይቆማል።

«በሁሉም በኩል አይቆረጥም?» አለች ቀለሜ።

«በምን ሰው? ያለኝ ሠራተኛ ለአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ሣሩ እስኪደርቅ የቀረን ደግሞ ዐሥራ ሁለት ቀን ነው። መዝገቡ ሰሜን ይላል አይደል?»

«ሰሜን ነው የሚለው።»

«አለቀ። ሰሜን እንቆርጣለን።»

ስለዚህ ነገሩ የወረቀት ነገር ብቻ አልነበረም። በታችኛው ሰፈር ከእሳቱ በኋላ የተሠራው ትምህርት ቤት ሁለት መቶ ሠላሳ ልጆች ያስተምራል፤ ከትምህርት ቤቱ በስተ ደቡብ ያለው ጫካ ከአጥሩ ጋር ሊገጥም የቀረው የአንድ መንገድ ስፋት ነው። መዝገቡ እውነት ከሆነ ልጆቹ ይጠበቃሉ፤ ሐሰት ከሆነ ከተማዋ ጉልበቷን በሙሉ በተሳሳተው በር ላይ ታፈሳለች።

ቀለሜ ለሦስት ቀን ያለ ሐሳብ ገለበጠች። ማጠቃለያው እንዲህ ይላል፦ እሳቱ ጠዋት በሦስት ሰዓት በሰሜኑ ሸለቆ ከከሰል አክሳዩ ጉድጓድ ተነሣ፤ የሰሜን ነፋስ እየነዳው ከተማዋን በምሥራቅ ዞሮ በታችኛው ሰፈር ላይ ወረደ። የሚያጠራጥር አይመስልም። በዚያ አገር በደረቁ ወራት ነፋሱ ጠዋት ከሰሜን፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ዞሮ ከደቡብ እንደሚነፍስ ማንም ያውቃል። በአራተኛው ቀን ግን ብዕሯ ከአንድ ምስክር ቃል ላይ ቆመ። ዳቦ ጋጋሪዋ «ሁለተኛውን ዙር ዳቦ ከምድጃው ሳላወጣ ሮጥሁ» ብለው ፈርመዋል።

ዳቦ ቤቱ አሁንም በታችኛው ሰፈር ነው። ጋጋሪዋ ሥራውን ለልጃቸው ቢያስረክቡም ሊጡን ሳይነኩ መዋል አይሆንላቸውም። ቀለሜ ስትገባ እስከ ክንዳቸው ዱቄት ነበሩ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እሳቱ የተነሣው ስንት ሰዓት ነበር?»

«ጠዋት ነዋ! መዝገቡን አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትጠብቂው? ወይስ እሱንም ብል በላው?»

«በምድጃው ውስጥ የቀረው ዳቦ የስንተኛው ዙር ነው?»

«የሁለተኛው። ወይ ዳቦዬ! ሰማንያ ራስ ዳቦ፣ ሰማንያ ራስ ከሰል ሆኖ ቀረ።»

«ሁለተኛው ዙር መቼ ነው የሚገባው?»

«ከምሳ በኋላ ነዋ፤ የማታውን ነው እሱ።» ሊጡን በጡጫቸው ሁለት ጊዜ መቱና እጃቸው ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ቆይ እስቲ።»

«ታዲያ እንዴት ጠዋት ሆነ?»

«አታምታቺኝ እንግዲህ። ጠዋት ነበር። ጭሱን አይቼ በዚህ በር ብቅ ስል ፀሐይዋ ዐይኔን...» ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ወደ ምዕራብ ይከፈታል። ለጥቂት ጊዜ በሩን እንደ ባዕድ ነገር አዩት። «ምን አውቃለሁ ልጄ። አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት ሲባል ‹እንዲሁ ነበር› ብያለሁ። እኔ ውሸታም ነኝ?»

«አይደሉም እትዬ።»

«እንግዲያው ዳቦው ነው የዋሸው?»

ቀለሜ ተሰናብታ ወጣች። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመልሳ የምስክሮቹን ቃል ከመጀመሪያው ጀምራ ስታነብ፣ ከዚህ በፊት ያላየችው ነገር ሁሉ ይታያት ጀመር። አንዱ «ጠዋት» ይልና ልጆቹ ለምሳ ከትምህርት ቤት መጥተው እንደ ነበር ይናገራል። ሌላዋ «ከሰሜን» ትልና ወደ ሰሜን ሸሽታ እንደ ዳነች ትናገራለች። መቶ ዐሥራ ሁለት ምስክሮች ነበሩ፤ ሁሉም ከማጠቃለያው ጋር ይስማማሉ፤ ሁሉም ከራሳቸው ጋር ይጣላሉ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ታችኛውን ሰፈር ቁልቁል በሚያየው በደቡቡ ኮረብታ ላይ ቆሞ ሁሉን ሊያይ ይችል የነበረ የአንድም ሰው ቃል የለም።

በምሳ ሰዓት ወደ አጎቷ ቤት ሄደች። ሁለት ክፍል ያለው፣ የጠባቂዎች ግቢ ውስጥ ያለ ቤት ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በሚስማር የተሰቀለ የድሮ የጥበቃ ካፖርት። አለቃው የአካፋ እጀታ በመስታወት ስብርባሪ እየፋቁ ያለሰልሱ ነበር።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቃል በመዝገቡ የለም።»

«ጸሐፊ አይመሰክርም» አሉ ቀና ሳይሉ። «የሌላውን ይጽፋል እንጂ የራሱን አይጽፍም። ከመጀመሪያው እሳት ጀምሮ ሥርዓቱ ይኸው ነው።»

«ዳቦ ጋጋሪዋ ሁለተኛው ዙር ነበር ይላሉ።»

«እሷ ሴትዮ ጨውና ስኳር ለይታ አታውቅም። በልተሻል?»

ሣቀች፤ በላችም። ስትወጣ ግን ሣቋ አብሯት አልወጣም። የጸሐፊው አለመመስከር ሥርዓት መሆኑን ታውቃለች፤ ለምን ሥርዓት እንደ ሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም ነበር። መላዋ ከተማም ጠይቃ አታውቅም።

በማግስቱ የሄደችው ከከተማው ወሰን ውጭ፣ ከጡብ ማምረቻው ጀርባ ወደሚኖረው ሰው ነው። የተባረረው ከሰል አክሳይ ልጅ ነው። እሳቱ ሲነሣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ አሁን ኀምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጡብ ይሠራል። ቤተሰቡ ወደ ደኑ እንዳይገባ የተላለፈው ውሳኔ አልተነሣም። አባቱ በተባረሩ በስድስተኛው ዓመት እዚያው ሞተዋል።

«ቀለሜ! ምን እግር ጣለሽ?» አለና ከጭቃው መቅረጫ ላይ ተነሥቶ ክንዱን ለሰላምታ ዘረጋላት፤ እጁ ጭቃ ነው። «ጡብ ልትገዢ አልመጣሽም መቸም።»

«ስለ አባትህ ልጠይቅህ ነው።»

ፈገግታው ቀረ። «ምን ይጠየቃል? መዝገብ ላይ አለ።»

«አንተ ግን ምን ታውቃለህ?»

«አባዬ ‹ጉድጓዴን ያን ሳምንት አልለኮስኩም› ይል ነበር። ሲሞትም ይህንኑ ነው ያለው። እናቴ ታምነው ነበር።»

«አንተስ?»

ጡብ ሠሪው የደረቀ ጭቃ ከጥፍሩ ላይ ሲፍቅ ቆየ። «እኔ አላውቅም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ምን እንደማምን አላውቅም። ያን ዕለት ከአባዬ ጋር ከሸለቆው ወጥተን ስንሮጥ ጭሱ ከፊታችን ነበር ይመስለኛል። ከፊታችን ከሆነ ደግሞ ከእኛ ዘንድ አልተነሣም ማለት ነው። ግን ልጅ ነበርኩ። በየዓመቱ አዳራሹ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። የአባዬ ስም ሲጠራ ሁሉም ‹እንዲሁ ነበር› ይላል።»

«አንተስ ዝም ትላለህ?»

«ከእሳቱ የተረፍኩ አይደለሁ? እኔም ‹እንዲሁ ነበር› እላለሁ።»

ቀለሜ ከዚያ የወጣችው ራሷ ዞሮ ነው። የሰው ቃል ሁሉ ስለ ደፈረሰባት፣ አፍ የሌለው ነገር ልትጠይቅ ወደ ጫካው ገባች። ከታችኛው ሰፈር በላይ፣ ከሦስተኛው እሳት የተረፉ ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ በግንዳቸው ሥር እሳት የበላው ጥቁር ዋሻ የመሰለ ጠባሳ ይታያል። አንዱን ዞረችው፤ ጠባሳው በሰሜን በኩል ነው። ሁለተኛውም በሰሜን። ዐሥራ ሰባት ዛፍ ቈጠረች፤ ዐሥራ ስድስቱ በሰሜን በኩል ተቃጥለዋል። ድካሟ ሁሉ ለቀቃት። እሳቱ ከሰሜን መጥቶ ፊት ለፊት የመታቸው ሆኖ ታያት፤ አጎቷ እውነተኛ ናቸው፤ ዳቦ ጋጋሪዋ አርጅተዋል፤ ጡብ ሠሪው ልጅ ነበር። ያን ዕለት ማጠቃለያውን ቃል በቃል ገልብጣ «ሰሜን» የሚለውን ቃል በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፈችው።

ነገሩ እዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። ቀለሜ ግን የጠባሳዎቹን ዕድሜ በአኃዝ በመዝገቡ ልታስገባ ፈልጋ መጋዝ ቤት ጎራ አለች። የመጋዙ ባለሙያ በሥራ ላይ ሁለት ጣቱን ስለ ቆረጠ ሰዉ ስምንቴ ይለዋል፤ እርሱም ስሙን አይጠላውም። ከዚያው ጫካ የወደቀ ዛፍ ግንድ በክብ በክብ ቆርጦ ከግድግዳው አስደግፎ ነበር። በጥፍሩ ከጠባሳው እስከ ልጡ ያሉትን ቀለበቶች ቈጠረላት፤ አርባ ናቸው።

«ሁሉም ጠባሳ በሰሜን በኩል ነው» አለችው በደስታ። «እሳቱ ከሰሜን እንደ መጣ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።»

ስምንቴ አያትና ሣቀ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«የተቃጠለው እኮ በዚያ በኩል ነው!»

«ጭራሽ ገለበጥሽው። ነይ ወዲህ።»

ወደ ግቢው አወጣት። የደረቀ ሣር አነጣጥፎ ከመካከሉ ወፍራም አጣና ተከለ፤ ሁለት ባልዲ ውኃ በአጠገቡ አኖረ፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ክብሪት ጫረ። ነበልባሉ ወደ አጣናው ሮጠ፤ ፊቱን ላስ አድርጎት በግራና በቀኝ አለፈ። ከኋላው ሲደርስ ግን ሁለቱ ወገን ተገናኝቶ ተጠማዘዘና ወደ ላይ ተነሣ፤ እዚያው ቆሞ ነደደ። ስምንቴ ውኃውን ደፍቶ አጣናውን ነቀለና ሰጣት። ነፋሱ በመጣበት በኩል ያለው ፊት ጠቆር ከማለት በቀር ምንም አልሆነም፤ ጀርባው ከስሏል።

«ወንዝ መሐል ያለ ድንጋይ አይተሽ አታውቂም? ውኃው የሚሽከረከረው ከኋላው ነው። እሳትም እንዲሁ ነው። ዛፍ የሚቆስለው በጀርባው ነው። ጠባሳው ሰሜን ከሆነ እሳቱ የመጣው...» ጎዶሎ እጁን አንሥቶ ወደ ደቡቡ ኮረብታ ጠቆመ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ፤ እጁንም አወረደ። «እኔ የማውቀው እንጨት ነው» አለ። «ስለ ሰው አልተናገርኩም።»

በደቡቡ ኮረብታ ላይ ያን ጊዜ የነበረው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የጥበቃው አለቃ ጎጆ።

ቀለሜ ወደ አጎቷ ቤት የሄደችው አጣናውን እንደ ያዘች ነው፤ ለምን እንደ ያዘችው ግን አታውቅም። አለቃው በር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን የት ነበሩ?»

«ኮረብታው ላይ።» አጣናውን አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደን የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማብራሪያ አልጠየቁም። «ስምንቴ ነው?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ልጅ ነው።» አጣናውን ተቀብለው የከሰለውን ጀርባ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «በጎጆዬ ዙሪያ እባብ በዝቶ ሣሩን አቃጠልኩ። በዚያ ወር ማንም እሳት እንዳያነድ ብዬ ማስታወቂያ የለጠፍኩት እኔው ነበርኩ፤ በሳምንቱ ያነደድኩትም እኔው። ጠፍቷል ብዬ ምሳዬን ልበላ ገባሁ።»

«ሲወጡስ?»

«ስወጣ ጭስ ነበር። በየት በኩል እንደነበር ልንገርሽ ብል ግን አልችልም፤ ልማልልሽ። ዐይኔን ስጨፍን የማየው ከሰሜን ሲመጣ ነው። አርባ ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንዳንዴ ሣሩን ማቃጠሌን ሳይሆን ማጥፋቴን አስታውሳለሁ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሣር የሚባል ነገር አልነበረም እላለሁ። አሁን አንቺ ስትጠይቂኝ እንኳ የምነግርሽ ያየሁትን ይሁን የፈራሁትን አልለየሁትም።»

ቀለሜ ልቧ ራራ። የተምታታ ሰው ሐሰተኛ አይባልም ብላ ልታልፋቸው ምንም አልቀራትም ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ጥያቄውም ትክክለኛው ነበር።

«ማጠቃለያውን የጻፉ ቀንስ? ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?»

አለቃው እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ያን ጊዜ ዐውቅ ነበር» አሉ።

ከዚህ በኋላ የተናገሩት ሁሉ ልመና ነው። ከሰል አክሳዩ እንግዳና ዘመድ የሌለው እንደ ነበረ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሬሳ ተዘርግቶ ሳለ «እኔ ነኝ» ማለት እንዳልቻሉ፣ እርሷንም ያሳደጉት በንጹሕ ስም መሆኑን ተናገሩ። የምስክሮቹን ቃል ሲጽፉም «ጠዋት»ንና «ከሰሜን»ን ያስገቡት እርሳቸው መሆናቸውን አመኑ። «አንድ ቃል ናት፤ እንዳለች ተያት» አሉ። እርሷም ስለ ትምህርት ቤቱ አጥር፣ ስለ ሁለት መቶ ሠላሳው ልጆች ስትነግራቸው አንገታቸውን ደፉ። በመጨረሻ «በአዳራሹ እኔው ራሴ አነበዋለሁ። ጻፊው፤ አነበዋለሁ» ብለው ቃል ገቡላት። አመነቻቸው። አዲስ ማጠቃለያ ጻፈች፦ የዳቦውን ዙር፣ የዛፎቹን ጠባሳ፣ አለቃው ስለ ራሳቸው የተናገሩትን ቃል።

የንባቡ ቀን ከቀትር በኋላ አዳራሹ ሞላ። ከንቲባዋ ከፊት ተቀምጣለች፤ ጡብ ሠሪው እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆሟል። አለቃው መነጽራቸውን አድርገው አዲሱን መዝገብ ገለጡ። ቀለሜ ከጎናቸው ስለ ነበረች ገጹን ታያለች፤ ዐይናቸው በትክክለኛው መስመር ላይ ነበር። አፋቸው ግን ሌላ አነበበ።

«ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ በሰሜኑ ሸለቆ፣ ከከሰል አክሳዩ ጉድጓድ...»

ሆን ብለው ይሁን፣ ምላሳቸው በለመደው መንገድ ሄዶ ይሁን፣ ያን ጊዜም ኋላም የሚያውቅ አልተገኘም። ሕዝቡ «እንዲሁ ነበር» አለ። አለቃውም ብዕራቸውን አንሥተው በገጹ ጠርዝ «በእውነት ተነበበ» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙም።

ቀለሜ ተነሣች። «ጋሼ፣ የፈረሙበት ገጽ እንዲህ አይልም» አለች፤ መዝገቡንም ከፊታቸው አንሥታ የተጻፈውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበች።

አዳራሹ ተደበላለቀ። አንዱ «ከሰሜን ነው! በዐይኔ አይቻለሁ!» አለ፤ ሚስቱ «አንተ ያኔ መቼ እዚህ ነበርክ? ከእሳቱ በኋላ አይደል ያገባኸኝ?» አለችው። ሌላው ቀለሜን ያሳደጋትን እጅ ነካሽ ሲል ሰደባት። ዳቦ ጋጋሪዋ ወንበራቸው ላይ ቆመው «ዳቦው የሁለተኛው ዙር ነበር! የሁለተኛው! አላበድኩም!» እያሉ ጮኹ። ብዙዎቹ ግን አንዳቸው የሌላውን ፊት ያያሉ፤ አርባ ዓመት የመሰከሩለትን ቀን ከራሳቸው ልብ ውስጥ ፈልገው ሲያጡት ይታይባቸዋል።

ጡብ ሠሪው ከበሩ ተነሥቶ በመካከላቸው አለፈ፤ መንገድ ለቀቁለት። አለቃው ፊት ሲደርስ ቆመ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አለቃ፣ እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም። አባቴ ነው ወይስ አይደለም? አንዱን ይንገሩኝ።»

አለቃው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አይደለም» አሉ።

«ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ።»

ጡብ ሠሪው ራሱን ነቀነቀ፤ አመሰገነ ይሁን ተቈጣ ከፊቱ የሚነበብ አልነበረም። ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው ሰው መስሎ ጥቂት ቆየና፣ ከፊት ረድፍ ባዶ ወንበር አግኝቶ ተቀመጠ።

ከንቲባዋ በማግስቱ ሠራተኞቹን ከሰሜን አንሥታ ወደ ደቡብ አዞረቻቸው፤ መስመሩም ሣሩ ሳይደርቅ ከትምህርት ቤቱ በላይ ተቆረጠ። በከሰል አክሳዩ ቤተሰብ ላይ የነበረው ክልከላ ተሻረ። ከሕዝቡ መካከል ግን እስከ ዛሬ እሳቱ ከየት እንደ መጣ ሲጠየቁ መጀመሪያ «ከሰሜን» የሚሉ፣ ከዚያ የሚያፍሩ ብዙዎች ናቸው።

አለቃው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛው እሳቱን በማስነሣት የሚያስጠይቀው ጊዜ በይርጋ አልፏል አለ። ሐሰተኛውን ቃል ግን በየዓመቱ በፊርማቸው ስላደሱት፣ የመጨረሻው ፊርማም ከተፈረመ ገና ሁለት ወር ስለ ሆነው፣ በዚያ ጥፋተኛ ናቸው ሲል ወሰነ። ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ስለ ዕድሜያቸው ወደ ስምንት ወር ዝቅ ተደረገላቸው። የአለቃነት ማዕረጋቸው ተገፈፈ፤ በጠባቂዎች ግቢ የነበረው ቤታቸው ተወሰደ፤ ወደ ንባቡ አዳራሽ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዳይገቡ ታገዱ። ስምንቱን ወር ሙሉ ታስረው ወጡ።